አንድ ሞገድ፣ ሁለት ድምፅ

አዲሱ ገበያ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው ዓይኑ ሩቅ አይሄድለትም። እንጦጦ ከፊቱ ተገትሯል። የጎጃም መንገድ ዳገቱን ይዞ ሲወጣ ይታየዋል፤ መንገዱ ከጋራው አናት ተሻግሮ የሚወርድበትን የሱሉልታን ሜዳ ግን ሊያይ አይችልም። ሜዳው ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ጋራው በመካከል ስላለ ነው። ማዶውን ማየት የሚሻ ሰው ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ ይኸውም ወደ ጋራው አናት መውጣት።

አብራሪና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ የሚነጋገሩበት የሬዲዮ ሞገድም ጠባዩ እንዲሁ ነው። ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል የሚሠራው ይህ ሞገድ እንደ ዓይን እይታ ቀጥ ብሎ ይጓዛል እንጂ ጋራ አይዞርም፤ ከጉብታ በስተጀርባም አይደርስም። የማስተላለፊያ አንቴናዎች በተራራ አናት ላይ የሚተከሉት ስለዚህ ነው። በ10,000 ሜትር ከፍታ የሚበር አውሮፕላን እንኳ ከአንድ የመሬት ጣቢያ ጋር ሊነጋገር የሚችለው ከ400 ኪሎ ሜትር ብዙም ሳይርቅ ነው። ከዚያ ወዲያ የምድር ክብነት ራሱ እንጦጦ ይሆንበታል።

የሰፈሩ ታላላቆች ደግሞ ሬዲዮን በሌላም ጠባዩ ያውቁታል። በደርግ ዘመን ማታ ማታ በር ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ የዶይቸ ቬለን ወይም የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ዝግጅት በአጭር ሞገድ መፈለግ የብዙ ቤት ልማድ ነበር። ያን ጊዜ ጣቢያ ፍለጋ ማዞሪያዋን ቀስ እያደረገ ያዞረ ሰው ሁለት ነገር አይረሳም። አንዱ ምንም የሌለበት ባዶ ሹክሹክታ ነው። ሌላው ሁለት ጣቢያዎች አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ የሚወጣው ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ነው። በባዶው ቦታ ላይ ሰሚው ምንም እንዳልሰማ ያውቃል። በፉጨቱ ውስጥ ግን ሁለት ሰዎች እየተናገሩ ነው፤ የአንዳቸውም ቃል አይያዝም።

ይህ ጽሑፍ ስለነዚህ ሁለት ነገሮች ነው፤ ስለ ዝምታውና ስለ ፉጨቱ። የሰው ልጅ ሰማይን መንገድ ካደረገ ወዲህ የሬዲዮን ዝምታ በሕግና በብልሃት ገርቶታል። ሁለት ድምፅ በአንድ ሞገድ ላይ የተናገሩ እንደሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ይህንንም በ2016 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣ አንድ የኢትዮጵያ አውሮፕላን በሌሊት ሰማይ ላይ ሊያየው ተቃርቦ ነበር። ወደዚያ ሌሊት ለመድረስ ግን ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

*

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የተባለው ፈረንሣይ ሠራሽ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ገፈርሳ ሜዳ ላይ ሲያርፍ አብራሪው አንድሬ ማዬ ከመሬት የሚያነጋግረው ማማ አልነበረም። ቢኖርም የሚነግረው ነገር ባልኖረ ነበር፤ በሰማዩ ላይ ከእርሱ በቀር ሌላ የለምና። ሁለተኛው፣ ጀርመን ሠራሹ ዩንከርስ፣ የመጣው ሳምንታት ቆይቶ ነው። የሰማይ ሕግ ታሪክ የሚጀምረው በመጀመሪያው ሳይሆን በሁለተኛው አውሮፕላን ነው ቢባል ስህተት አይሆንም። ብቻውን የሚሄድ መንገደኛ መንገድ ልቀቅ የሚለው የለም።

ኢትዮጵያ ወደ ዓለም አቀፉ የሰማይ ሕግ የገባችው ገና ከመነሻው ነው። ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ሲፈረም ከፈራሚዎቹ 52 አገሮች አንዷ ነበረች። የዚያ ስምምነት ሁለት አንቀጾች ለዚህ ጽሑፍ ያስፈልጉናል። አንቀጽ 1 እያንዳንዱ መንግሥት ከግዛቱ በላይ ባለው ሰማይ ላይ ሙሉና ብቸኛ ሉዓላዊነት አለው ይላል። አንቀጽ 28 ደግሞ በሌላ ቋንቋ ይናገራል። መንግሥታት በተቻላቸው መጠን የአውሮፕላን ማረፊያ፣ የሬዲዮና የአየር ጠባይ አገልግሎት ያቀርባሉ ይላል። ባጭሩ የመጀመሪያው አንቀጽ ለመንግሥት ክብር ይሰጠዋል፤ ሃያ ስምንተኛው ዕዳ ይጭንበታል። ሰማዩ የእኔ ነው ያለ መንግሥት በሰማዩ ለሚያልፈው መንገደኛ ሁሉ፣ ወዳጅም ይሁን ባዕድ፣ በሬዲዮ ሊመልስለት ይገባል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት ሲ-47 አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ ገባ። ያ ዘመን በረጅም በረራ ላይ የሬዲዮ ኦፕሬተር የሚባል ባልደረባ ከአብራሪዎቹ ኋላ ተቀምጦ የሞርስ ፊደል የሚመታበት ዘመን ነበር። በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ 720 ጀቶች ሥራ ሲጀምሩ ከልደታ ወደ ቦሌ የተደረገው ሽግግርም ተፈጽሞ ነበር፤ አብራሪውም በራሱ አፍ ከተቆጣጣሪው ጋር መነጋገርን የዕለት ተዕለት ሥራው አድርጎ ነበር። ፍጥነቱ ሲጨምር የቃሉ ዋጋ ጨመረ። ሁለት ጀቶች ፊት ለፊት ሲመጡ በመካከላቸው ያለው ርቀት በየሴኮንዱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ያጥራል። በዚህ ፍጥነት ዓይን አይታመንም። የሚታመነው አስቀድሞ የተነገረ ቃል ነው።

*

ታዲያ ያ ቃል ቢቋረጥስ? መሣሪያ ሰው የሠራው ነውና ይበላሻል፤ ኃይል ይቋረጣል፣ አስተላላፊ ይቃጠላል፣ አንቴና በመብረቅ ይመታል። የአቪዬሽን ሕግ አውጪዎች ይህን ከመጀመሪያው ስለተረዱት ለዝምታ የሚሆን ሙሉ ሥርዓት አበጅተዋል።

ሬዲዮው የጠፋበት አብራሪ በትራንስፖንደሩ ላይ 7600 የሚለውን ቁጥር ያስገባል። በራዳር መስተዋት ላይ ያ ቁጥር ሲታይ ተቆጣጣሪው አብራሪው እንደማይሰማ ወይም መናገር እንደማይችል ያውቃል። ሰማዩ ጥርት ያለ ከሆነ አብራሪው በሚያየው መንገድ ሄዶ በቅርቡ ባለው ተስማሚ ማረፊያ ይወርዳል። ደመና ውስጥ ከሆነና ራዳር በሌለበት ከሆነ በመጨረሻ በተፈቀደለት ከፍታና ፍጥነት ለ20 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያም አስቀድሞ ባስገባው የበረራ ዕቅድ መሠረት ይቀጥላል። ተቆጣጣሪውም ያን ዕቅድ ያውቃልና መንገዱን ይጠርግለታል። ማረፊያው ጋ ሲደርስ ከማማው የብርሃን ምልክት ይጠብቀዋል። የማይብለጨለጭ አረንጓዴ ከሆነ ማረፍ ተፈቅዶለታል፤ የማይብለጨለጭ ቀይ ከሆነ ለሌላ ቅድሚያ ሰጥቶ መዞሩን ይቀጥላል፤ ቀዩ የሚብለጨለጭ ከሆነ ማረፊያው አደጋ አለበትና አያርፍም። እነሆ፣ አንድም ቃል ሳይነገር አውሮፕላን ይወርዳል። የዝምታ ሕግ ምሥጢሩ ሁለቱም ወገኖች አንዱ ሌላውን ሳይሰማ ምን እንደሚያደርግ አስቀድመው መስማማታቸው ነው።

ዝምታው ከአብራሪው በኩል ሳይሆን ከመሬት በኩል ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል፤ ያን ጊዜ ዲዳ የሚሆነው ሰማዩ በሙሉ ነውና። እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 2004 በአሜሪካ ፓምዴል ከተማ፣ የደቡብ ካሊፎርንያን ሰማይ የሚቆጣጠረው ማዕከል የድምፅ መገናኛው በአንድ ጊዜ ተዘጋ። ምክንያቱን ሲያጣሩት አስገራሚ ሆኖ ተገኘ። በሥርዓቱ ውስጥ የነበረ ኮምፒዩተር ጊዜን የሚቆጥርበት ቁጥር ነበረው፤ ያ ቁጥር 49.7 ቀን ሲሞላው ያልቃል። እንዳያልቅ በየ30 ቀኑ ማሽኑ ተዘግቶ መከፈት ነበረበት። ሳይደረግ ቀረ፤ ቁጥሩ አለቀ፤ ተጠባባቂውም ሥርዓት አልተነሣም። ተቆጣጣሪዎቹ አውሮፕላኖቹን በራዳር እያዩ ማናገር ተሳናቸው፤ በኪሳቸው ባለው የግል ስልክ ለሌሎች ማዕከላት እየደወሉ ተማጸኑ። 800 ያህል በረራዎች ተስተጓጎሉ፤ ቢያንስ አምስት ጊዜ አውሮፕላኖች ከሚፈቀደው በላይ ተቀራረቡ። የሞተ ሰው ግን አልነበረም። የዝምታው ሥርዓት፣ ምንም እንኳ ቢንገዳገድ፣ አልወደቀም።

በእኛም ሰማይ ላይ ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ሌላ ዓይነት ዝምታ ታይቷል። ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረው የበረራ ቁጥር 343 አውሮፕላን መውረድ በሚጀምርበት ቦታ ሳይወርድ በ37,000 ጫማ ከፍታ ቀጠለ። የአዲስ አበባ ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ጠሩ፤ መልስ የለም። ሬዲዮው ደህና ነበር፤ አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር ተብሎ ተዘገበ። አውሮፕላኑ ማረፊያውን አልፎ ሲሄድ አውቶፓይለቱ ተላቀቀና ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ከዚያ ዞረው በሰላም አረፉ። አየር መንገዱ ግንኙነት ለጊዜው ተቋርጦ እንደነበር አስታውቆ አብራሪዎቹን ምርመራው እስኪጠናቀቅ ከሥራ አነሣ። ጉዳዩ ብዙ ተወርቶበታል። ለእኛ የሚያስፈልገን ግን አንድ ነጥብ ነው፤ ተቆጣጣሪው መልስ እንዳላገኘ ያውቅ ነበር። ዝምታ፣ የቱንም ያህል ቢያስፈራ፣ አይዋሽም።

*

አፍሪካ ከዝምታ ጋር ረጅም ዘመን ኖራለች። አህጉሩ ሰፊ ነው፤ ጣቢያው ጥቂት ነው። ቀጥ ብሎ የሚጓዘው ሞገድ በማይደርስበት ቦታ ከላይኛው አየር ላይ እየነጠረ የሚመለሰውን ረጅም ርቀት የሚሄድ ሞገድ መጠቀም ግድ ነው፤ እርሱ ደግሞ እንደ ሰዓቱና እንደ ፀሐዩ ጠባይ የሚለዋወጥ፣ ሹክሹክታ የበዛበት ነው። የመገናኛው ክፍተት የሚያስከፍለውን ዋጋ ዓለም በደንብ ያየው እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 1997 ነው። ከጀርመን ተነሥቶ በኒያሜ በኩል ወደ ዊንድሆክ ይሄድ የነበረ የጀርመን አየር ኃይል ቱፖሌቭ 154 እና ከዊንድሆክ የተነሣ የአሜሪካ አየር ኃይል ሲ-141 በናሚቢያ የባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት ተላተሙ። 33 ሰዎች አለቁ። ስለ ቱፖሌቩ በረራ ሊደርስ የሚገባው መልእክት ለሚያስፈልገው ተቆጣጣሪ አልደረሰም ነበር። ሁለቱም አውሮፕላኖች የግጭት መከላከያ መሣሪያ አልነበራቸውም።

አፍሪካን የሚያቋርጡ አብራሪዎች ለዚህ ዓይነቱ ሰማይ የራሳቸውን ዘዴ አበጅተዋል። የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር ባወጣው ሥርዓት መሠረት በ126.9 ሜጋኸርዝ ላይ እያንዳንዱ አብራሪ የት እንዳለ፣ በምን ከፍታ እንደሚበር፣ ወዴት እንደሚሄድ በየጊዜው ለሁሉም ይናገራል። ለማን እንደሚናገር አያውቅም፤ መልስም አይጠብቅም። የሚሰማ ካለ ይስማ ብሎ ነው። በጨለማ ገደል ዳር የሚሄድ መንገደኛ ከፊቱ ሰው ይኑር አይኑር ሳያውቅ እየተጣራ እንደሚሄደው ማለት ነው።

*

አሁን ወደ ፉጨቱ እንምጣ። በከተማችን ሙዚቃ የምንሰማበት የኤፍ ኤም ሬዲዮ አንድ ጠባይ አለው፤ ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ቦታ ሲገናኙ ጠንካራው ደካማውን ሙሉ ለሙሉ ይውጠዋል። አድማጩም ሁለተኛ ጣቢያ እንደነበረ አያውቅም። አቪዬሽን ግን እስከ ዛሬ የሚናገረው በአሮጌው፣ በኤ ኤም ዘዴ ነው። ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። በኤ ኤም ላይ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ፉጨት ይሰማል፤ ፉጨቱም ሌላ ሰው እየተናገረ ነው ብሎ ይመሰክራል። ደካማው ድምፅ ባይሰማም መኖሩ ይታወቃል።

ምስክርነቱን የሚያዳምጥ ከጠፋ ግን ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ጉም በሸፈነው አንድ መንደርደሪያ ላይ ነበሩ። የሆላንዱ አውሮፕላን ለመነሣት ጫፍ ላይ ቆሟል። የአሜሪካው ገና በመንደርደሪያው ላይ እየሄደ ነው። የሆላንዱ አብራሪዎች ለመነሣት መሆናቸውን ሲናገሩ ተቆጣጣሪው እንዲጠብቁ ነገራቸው፤ በዚያችው ቅጽበት የአሜሪካው አብራሪም ገና በመንደርደሪያው ላይ እንዳለ ተናገረ። ሁለቱም ቃላት ሕይወት የሚያድኑ ነበሩ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተነገሩ። በሆላንዱ አውሮፕላን ውስጥ የተሰማው ለሦስት ሴኮንድ ያህል የቆየ ፉጨት ነው። 583 ሰዎች ሞቱ። በአቪዬሽን ታሪክ ከደረሱት ድንገተኛ አደጋዎች እስከ አሁን ይህን ያህል ሰው የፈጀ የለም። የአንዱም ሬዲዮ አልተበላሸም ነበር።

ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2002፣ በጀርመን ኡበርሊንገን ከተማ በላይ ሁለት ድምፅ በሌላ መልክ መጣ። ሰማዩን ይቆጣጠር የነበረው የዙሪክ ማዕከል በዚያ ሌሊት መሣሪያዎቹ በጥገና ላይ ነበሩ፤ ራዳሩ በሙሉ ኃይሉ አይሠራም፤ ዋናው የስልክ መስመር ተዘግቷል፤ ተጠባባቂውም ብልሽት ነበረበት። አንድ ተቆጣጣሪ ብቻውን ሁለት መስተዋት ይመለከታል። በካርልስሩ የነበሩ የጀርመን ተቆጣጣሪዎች ሁለት አውሮፕላኖች እየተቀራረቡ መሆናቸውን አይተው ሊያስጠነቅቁት ደጋግመው ደወሉ፤ ስልኩ አልገባም። የዙሪኩ ተቆጣጣሪ አደጋውን ዘግይቶ ሲያየው ለሩሲያው ቱፖሌቭ 154 ውረድ አለው። በዚያው ጊዜ በቱፖሌቩ ውስጥ ያለው የግጭት መከላከያ መሣሪያ ውጣ አለ። አብራሪዎቹ ሰውየውን ታዘዙ። ሌላው አውሮፕላን፣ ዕቃ ጫኙ ቦይንግ 757፣ መሣሪያውን ታዞ ይወርድ ነበር። ሁለቱም እየወረዱ ተገናኙ። 71 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ለዕረፍት ወደ ስፔን የሚሄዱ የባሽኮርቶስታን ልጆች ነበሩ።

ከዚያ ሐዘን አንድ ሕግ ወጣ። ተቆጣጣሪውና መሣሪያው የተለያየ ነገር ካሉ አብራሪው መሣሪያውን ይታዘዝ የሚል። ቀድሞም የሚታሰብ ነበር፤ ነገር ግን በማያሻማ ቋንቋ ተጽፎ በዓለም አቀፍ ደረጃ የጸናው ከኡበርሊንገን በኋላ ነው። መሣሪያው የሚሠራው ሰዎች በሚናገሩበት ሞገድ አይደለም። በ1030 እና በ1090 ሜጋኸርዝ ላይ የአንዱ አውሮፕላን መሣሪያ የሌላውን እየጠየቀ፣ መልሱን እየተቀበለ፣ ግጭት ሊደርስ ሴኮንዶች ሲቀሩት ለአንዱ ውጣ ለሌላው ውረድ ይላል። ሁለቱ መሣሪያዎች እርስ በርስ ተስማምተው ስለሚናገሩ ለሁለቱም ውረድ አይሉም።

*

እንግዲህ ወደ ራሳችን ሰማይ ደርሰናል። ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው ከተሞች ከሚወስዱት የአየር መንገዶች መካከል በሶማሌላንድ ላይ አልፈው የኤደንን ባሕረ ሰላጤ የሚሻገሩ አሉ። በዓለም አቀፉ ክፍፍል ያ ሰማይ የሞቃዲሾ የበረራ መረጃ ቀጠና ነው። በ1983 ዓ.ም. የሶማሊያ መንግሥት ሲፈርስ ማማውም አብሮ ዝም አለ። ሐርጌሳ በዚያው ዓመት ነጻነቴን አውጄአለሁ አለች። ሰማዩ ግን ያለ ጠሪና ያለ መላሽ ሊቀር አይችልምና የተባበሩት መንግሥታት ሥራውን ተረክቦ ለረጅም ዓመታት ከናይሮቢ ሆኖ አከናወነው። የአንድ አገር ሰማይ ድምፅ በሌላ አገር ከተማ ተቀምጦ ይናገር ነበር ማለት ነው። አገልግሎቱም መረጃ መስጠት እንጂ አውሮፕላኖችን በትእዛዝ መለያየት አልነበረም። ሞቃዲሾ ሥራዋን መልሳ የተረከበችው እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ነው፤ ሙሉ የቁጥጥር አገልግሎት የተመለሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 2023፣ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። ትልቅ ሥራ ነበር፤ አብራሪዎችም እፎይ አሉ።

ዓመት ሳይሞላ ነገር ተለወጠ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሌላንድ የባሕር በርን የሚመለከት የመግባቢያ ሰነድ አዲስ አበባ ላይ ፈረሙ። ሞቃዲሾ ሉዓላዊነቴ ተደፈረ አለች። ጥር 8 ቀን ወደ ሐርጌሳ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አውሮፕላን ፈቃድ የለውም ተብሎ ከመንገድ ተመለሰ። ሰማዩ የክርክሩ ሜዳ ሆነ። በየካቲት ወር በዚያ ያለፉ አብራሪዎች እንግዳ ነገር መስማት ጀመሩ። በአንዱ የሞቃዲሾ ሞገድ ላይ ሁለት ተቆጣጣሪ ይናገራል። አንዱ በዚህ ከፍታ ቆይ ሲል ሌላው ለቀህ ውጣ ይላል። ሁለቱም የሙያውን ቋንቋ ያውቃሉ፤ ሁለቱም ሕጋዊው እኔ ነኝ ይላሉ።

መጋቢት 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 602 አውሮፕላን እና የኳታር አየር መንገድ አውሮፕላን በዚያ ሰማይ ላይ ሊገናኙ ሆነ። የሶማሊያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የኳታሩ አውሮፕላን በስህተት ከፍታ እንዲለውጥ ያዘዘው የሐርጌሳ ተቆጣጣሪ ነው አለ። የሶማሌላንድ ባለሥልጣናት በበኩላቸው ጥፋቱን ወደ ሞቃዲሾ መለሱት። ሁለቱም ያልካዱት ነገር ሁለቱ አውሮፕላኖች ከሚገባው በላይ መቀራረባቸውን ነው። ያዳናቸው ከምድር የመጣ ድምፅ አይደለም። የግጭት መከላከያ መሣሪያው ተናገረ፤ አብራሪዎቹም ታዘዙት። በኡበርሊንገን የሞቱት ልጆች ደም ያጻፈው ሕግ በአፍሪካ ቀንድ ሰማይ ላይ መንገደኞችን አተረፈ ማለት ይቻላል።

*

ጥፋተኛው ማን ነው የሚለውን ለመፍረድ አልተነሣሁም። ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት ታሪክ፣ የሚያሳዩት ቁስል አላቸው። ልብ ማለት የሚገባን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሌሊት የተበላሸ መሣሪያ አልነበረም። አስተላላፊዎቹ ይሠሩ ነበር፤ አንቴናዎቹ ቆመዋል፤ አብራሪዎቹ ነቅተዋል፤ ተቆጣጣሪዎቹ በወንበራቸው ላይ ነበሩ። ሬዲዮው እንዲያውም ከመጠን በላይ ይሠራ ነበር። የተበላሸው አንድ መሣሪያ አንድ ባለቤት እንዲኖረው የሚያደርገው ስምምነት ነው። እርሱን ደግሞ ቴክኒሻን መሰላል ወጥቶ፣ ሽቦ ቀጥሎ አይጠግነውም።

በቺካጎ የተፈረሙትን ሁለት አንቀጾች እናስታውስ። ሁለት ወገኖች በአንቀጽ 1፣ ማለትም ሰማዩ የማን ነው በሚለው፣ ሲጣሉ ክርክሩን የገጠሙት በአንቀጽ 28 ዕቃ፣ በሬዲዮው ነው። ለመንገደኛው የተሠራውን ዕቃ የሉዓላዊነት ማረጋገጫ አደረጉት። በአንድ ሞገድ ላይ የሚናገር ሁሉ ለአብራሪው ጆሮ ባለሥልጣን ነውና፣ መናገር ራሱ የይዞታ ማስከበሪያ ሆነ። ዕዳው ክብር መሰላቸው። ለዚህ የወጣ የ7600 ዓይነት ቁጥር የለም። ሬዲዮዬ ጠፍቷል የሚል ምልክት አለ፤ ሬዲዮዬ ሁለት ሆኗል የሚል ምልክት ግን የለም። ስለ ዝምታ ሕግ የጻፉት ሰዎች ሁለቱም ወገኖች ለአውሮፕላኑ ደህንነት አንድ ሐሳብ እንዳላቸው አድርገው ነው የጻፉት። ደግሞስ እንዴት ሌላ ሊያስቡ ይችሉ ነበር?

ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሊያ አንካራ ላይ ጠባቸውን ለማርገብ ተስማሙ። በሞቃዲሾና በሐርጌሳ መካከል ያለው የቆየ ክርክር ግን በዚያ ሰነድ የሚፈታ አልነበረም። የሰማዩም ነገር ከምድሩ ነገር ተለይቶ አይፈታም።

እኛስ? ይህን ታሪክ የሩቅ ነገር አድርገን ልንተወው አንችልም። ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚበሩት አውሮፕላኖች የሚጭኗቸው ከመካከላችን የወጡ ሰዎች ናቸው። ከአዲሱ ገበያም ይሁን ከሌላ ሰፈር፣ ለሥራ ወደ ዱባይና ወደ ቤይሩት የምትሄድ ልጁን ቦሌ ድረስ ሸኝቶ የተመለሰ ወላጅ ጥቂት አይደለም። ያ ወላጅ ስለ ቪዛው፣ ስለ አሠሪዋ፣ ስለ ደሞዟ ይጨነቃል፤ ሲመሽ የደረሰች እንደሆነ ስልኩን ይጠብቃል። ልጁ በምታልፍበት ሰማይ ላይ ማን እንደሚናገር ለመጠየቅ አያስብም። ሊያስብም አይገባውም። አንቀጽ 28 የተጻፈው እርሱ እንዳያስብ ነበር።

በአጭር ሞገድ ዘመን ፉጨት የገጠመው አድማጭ ማዞሪያዋን ጥቂት ገፋ አድርጎ ሌላ ጣቢያ ይፈልግ ነበር። በ10,000 ሜትር ከፍታ፣ በሌሊት፣ መቶዎችን የያዘ አብራሪ ግን ሌላ ጣቢያ የለውም። ያለው የተሰጠው አንድ ሞገድ ነው፤ በዚያም ላይ አንድ ሰው ብቻ እንዲናገረው ይጠብቃል።